ማዳም «ጠፊ» ያለች ቀን

ቀፀላ ጠፋች የሚል ሰው ካለ አፉን ይያዝ። ባለፈው ቤይሩት፣ ዶራ ድልድይ ሥር፣ ሰርቪስ የሚሉትን የጋራ ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከጀርባዬ ቆመው «ያቺ ሲን ኤል ፊል ሰፈር ዘጠኝ ዓመት የሠራችዋ፣ በለቅሶ መሀል ሙዚቃ ከፍታ ጠፋች አሉ» ይባባላሉ። ዞር አልኩና ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። ሰርቪሱ ባይመጣ ኖሮ እስካሁንም አልጨረስኩም። መጥፋትን ለኔ ነው የሚነግሩኝ? እኔ እሙሽ ከማዳሜ ቤት ከጠፋሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ወረቀት የለኝም፣ ፓስፖርቴ በማን መሳቢያ እንዳለ አላውቅም፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ጠፊ ማለት እኔ ነኝ። ቀፀላ ግን ጥፊ ተብላ ነው የሄደችው፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ትሪ ይዤ።

ቀፀላ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ሰው መሀል ብትገባ ማንም ልብ የማይላት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ የማይወጣ ሴት ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቤይሩት ስትመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን እመቤትን ለእህቷ ትታ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቤት፣ አንድ አራተኛ ፎቅ፣ አንዲት ማዳም። «ሰው እንዴት ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ይቀመጣል?» እላት ነበር። «መቀያየሩ ምን ያደርጋል እሙሽዬ፣ አቧራው ያው ነው» ትለኛለች። በሁለት ሳምንት አንዴ እሑድ ለሦስት ሰዓት ትለቀቃለች፤ የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው፣ ሻርፔ ከትከሻዬ ወድቆ አንስታ አራግፋ ስትሰጠኝ። ያኔም ያራገፈችው አቧራውን ነው።

አቧራ ስል ቀልድ አይምሰላችሁ። ማዳም ናዋል የምትባለዋ ሴት ሌላ ሃይማኖት የላትም። ቀፀላ ቤቱን አጽድታ ስትጨርስ ማዳም ነጭ ሶፍት ይዛ ትነሳና የመስኮቱን ጠርዝ፣ የሥዕሉን ፍሬም፣ የወንበሩን እግር ሳይቀር ትፈትሻለች። ሶፍቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ከታየ ሶፍቱን ይዛ ኩሽና ድረስ ትመጣና ቀፀላ አፍንጫ ሥር ትዘረጋዋለች። አትሰድብም፣ ትዘረጋዋለች እንጂ። እኔ ብሆን ያንን ሶፍት ምን እንደማደርገው አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው እኔ የጠፋሁት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ መጨረሻው አይገባችሁም። ቀፀላ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ የዓረብኛ ቃል ሳታውቅ፣ ማዳም የኮሪደሩ መብራት በቀን በርቶ አየችና «ጠፊ! ጠፊ!» አለቻት። በነሱ አጥፊው ማለት ነው። እንግዲህ የኛ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚመስለው እናንተው ፍረዱ። ቀፀላ የሰማችው «ጥፊ ከዚህ» የሚለውን ነው። ገብታ ሻንጣዋን ይዛ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች፤ በሩን እንኳ መክፈት አታውቅበትም ነበር። ማዳም ነገሩ ሲገባት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ይሄ ይሁን፣ ይሳቅ። ግን ዘጠኝ ዓመት ነው የሳቀችው! እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ልደት ይሁን ገና፣ ቀፀላ ትሪ ይዛ ቆማ እያለች፣ «ይቺ እኮ መብራት አጥፊ ብላት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች» ትላለች። እንግዶቹ ይንከተከታሉ። ቀፀላ ዓረብኛውን አሁን ከነሱ እኩል ታውቃለች፤ አንገቷን ደፍታ ስኒ ትሰበስባለች።

ዘንድሮ እመቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሞላትና ልታገባ ሆነ፤ ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ እሑድ ተቆረጠ። ቀፀላ ይህን ስትነግረኝ የምትሸፍነውን አፏን መሸፈን ረሳች። ከማዳም ጋር ተነጋገረች፣ ማዳምም እሺ አለች፤ ስድስት ሳምንት ሄደሽ ትመጫለሽ፣ ፓስፖርትሽን እሰጥሻለሁ አለቻት። ፓስፖርቱ የት እንዳለ ቀፀላ ታውቃለች፤ ሳሎን ጥግ ካለው የኮምፒውተር ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም መሳቢያው ላይ ተሰክቶ ነው የሚውል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያንን ቁልፍ በጨርቅ ወልውላለች። «ለምን አውጥተሽ አትይዢውም፣ ያንቺ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጮኼባታለሁ። «ሰው የወሰደብኝን ሰርቄ አልወስድም፣ ይሰጠኛል» አለችኝ። ንገሩኝ እስቲ፣ ይቺን ሴት ምን ትሏታላችሁ?

እሺ ባለች በሳምንቱ የማዳም አማት ሞቱ። የባሏ የሚስተር ቶኒ እናት ናቸው። ሚስተሩ ዝም ያለ ሰው ነው፤ ቀፀላ ከሱ አፍ በዓመት አሥር ቃል ሰምታ ከሆነ ብዙ ነው። ቤቱ ጥቁር ለበሰ፣ ቴሌቪዥኑ ተሸፈነ፣ ሬዲዮ ክልክል፣ እስከ አርባው ድረስ ሙዚቃ የሚባል ነገር አይሰማም ተባለ። ማዳምም «ከአርባው በኋላ ትሄጃለሽ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ እስከዚያ እንግዳውን ማን ያስተናግዳል» አለች። አርባው ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ይቀድማል። ቀፀላ በጣቷ ቆጥራ ይደርሳል አለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ እሺታ አልወድም፤ ቀን የሚገፋ ሰው ሰበብ ነው የሚፈልገው ብያት ነበር።

ሰበቡን ማን ሰጣት? ኮምፒውተሩ!

ኮምፒውተሩ የልጃቸው ነው፤ ሞንትሪያል የሚኖረው። ስሙ ኤሊ ነው፣ እኔ አላወጣሁለትም። ሲሄድ ትልቁን ስክሪን ጥሎላቸው ሄደ፣ ሁልጊዜ ማታ ማታ በሱ ላይ እየደወለ እናቱን ያያታል። እንዳይጠፋባት ብላ ማዳም ቀን ከሌት አብርታ ነው የምትተወው፤ መብራት ሲሄድ እንኳ አይጠፋም፣ ከጠረጴዛው ሥር ባትሪ የተቀመጠለት ሳጥን አለው። ኪቦርዱ ሽቦ የሌለው፣ ነጭ፣ አቧራ የሚያሳብቅ ዓይነት ነው። እንግዲህ ቀፀላ በለቅሶው በአምስተኛው ቀን እንደወትሮዋ ጨርቋን ይዛ ኪቦርዱን ወልወል ስታደርገው ያ ስክሪን ደመቀና አንድ የሙዚቃ መስኮት ብቅ አለ። ከዚያ ከበሮ። ከዚያ «ያላ ያላ!» የሚል ወንድ። ኤሊ የሚባለው ልጅ ከመሄዱ በፊት ለጭፈራ የሰማው ዘፈን ነው፣ ድምፁም እሱ እንደተወው ጣራ የነካ።

ማዳም ከመኝታ ቤት እየሮጠች ወጣች። «ጠፊ! ጠፊ! አይብ! አይብ!» አይብ በነሱ ነውር ማለት ነው፣ ለኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ቀፀላ የቱን እንደምታጠፋ አታውቅም። ሚስተሩ መጣና ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ዘጋው። ማዳም የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠራተኛዋ እሷ በሌለችበት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ዘፈን ትሰማለች። ቀፀላ በማርያም ብላ ማለች። «ጨርቅ ነው የነካው ማዳም፣ እኔ አልነካሁም።» እውነቷን ነው፤ ጨርቅ ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ጨርቅ ዘፈን ከፈተ ብሎ ማን ያምናል!

በዘጠነኛው ቀን ደግሞ ቄሱ ሳሎን ቁጭ ብለው ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ ማዳም «ያን ጠረጴዛ አንድ ጊዜ አብሺው» አለቻት። ራሷ ናት ያለቻት! ቀፀላ ፈርታ ፈርታ ከዳር ከዳር አበሰች፤ ጨርቁ ኪቦርዱ ላይ አንዲቷን ቁልፍ ነካት፣ ያ ጨፋሪ ተመለሰ። «ያላ ያላ!» ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። ቀፀላ ዛሬ ሞትኩ አለች በልቧ። ቄሱ ከሄዱ በኋላ ማዳም ኩሽና መጣች፣ ያለ ሶፍት፣ ባዶ እጇን። «ሰው ሞቶብኝ ትጨፍሪብኛለሽ? መንገድ የለም፣ ኸላስ፣ በቃ። ልጅሽን በስልክ ትድሪያታለሽ» አለቻት።

ቀፀላ ይህን በድምፅ መልእክት ስትልክልኝ ሳብራ ገበያ ድንች እየመረጥኩ ነበር። ድንቹን ጥዬው ቆምኩ። አታለቅስም እኮ፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «እሙሽዬ፣ ያ ማሽን ለምንድነው እኔን የሚጠላኝ?» ነው ያለችው። መጀመሪያ ማዳሟን፣ ከዚያ ኤሊን፣ ከዚያ ያንን ቁልፍ የሠራውን ሰው በየተራ ረገምኩ። ማን ጠራው ዘፋኙን? ማን ዝፈንልኝ አለው? አንድ ቁልፍ ስለተነካ ብቻ ዘሎ ሰው ቤት የሚገባ፣ ያልተጋበዘ ሙዚቀኛ!

ቀፀላም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፣ ምስኪን። መጀመሪያ ኪቦርዱን ሳትነካ ተወችው፤ በማግስቱ ሶፍቱ አፍንጫዋ ሥር ተዘረጋ። ቀጥላ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ አመጣችና ኪቦርዱን ሸፈነችው፤ ማዳም ቀደደችው፣ «ይሄ ሳንድዊች ነው?» አለቻት። በቀለም ብሩሽ ልጥረገው አለች፤ ብሩሹም ያችኑ ቁልፍ ነካ። ዕድሏ ሆኖ ማዳም ፀጉር ቤት ነበረች፣ ጎረቤት ግን ሰምቶ ነገረባት። ብታብሰው ዘፈን፣ ባታብሰው ሶፍት። ወዴት ትግባ?

ምካሌስ ሰፈር ካለ መጋዘን ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያድስ አሕመዲን የሚባል የወሎ ልጅ አውቃለሁ፤ ስልኬን ሁለቴ ሠርቶልኛል። ሄጄ ነገርኩት። እኔ ከማዳሟ ጀምሬ እየጮህኩ ስነግረው እሱ ካቻቪቴውን ያሽከረክራል። ስጨርስ ሳቀ። «እትዬ ቀፀላ ምንም አላጠፉም» አለኝ፤ ስልኬን ተቀብሎም እንዲህ ብሎ ድምፅ ቀዳላት፦

«እትዬ ቀፀላ፣ ይስሙኝ። ከላይኛው ረድፍ ሦስት ማዕዘን የተሣለባት ቁልፍ አለች። እሷ የማጫወቻ ቁልፍ ናት። ሌላ የተከፈተ ማጫወቻ ከሌለ ማሽኑ ሰው ዘፈን ፈለገ ብሎ የራሱን ሙዚቃ ይከፍታል። መስኮቱን ቢዘጉትም ነገ ሲነኳት ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣ በር ላይ ጠብቆ የሚመልሰው ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ግን እኔ መጥቼ መጫን አለብኝ፣ ማዳምዎ ደግሞ አያስገቡኝም። ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ። ጥርስ ያለው ክብ ነገር የተሣለበትን ቦታ ይክፈቱ። ወደ ታች ይውረዱ፣ የኪቦርድ ሥዕል ያገኛሉ። እዚያ ውስጥ የላይኛውን ረድፍ ተራ ቁልፍ የሚያደርግ ማብሪያ አለ፣ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። እሱን ያብሩት። ከዚያ በኋላ ቢወለውሉትም ቢደበድቡትም አይዘፍንም። ድንገት ከጀመረ ደግሞ አይደንግጡ፤ ያችኑ ቁልፍ አንዴ ይድገሟት፣ ጸጥ ይላል።»

ሰማችሁ? አንድ ማብሪያ ናት። ግን ያቺን ማብሪያ ለማብራት ኮምፒውተሩን መንካት አለባት፤ የምትከሰሰው ደግሞ ኮምፒውተር ነካሽ ተብላ ነው። ቀፀላ ሁለት ቀን አሰበች። «ያልነካሁትን ነካሽ አሉኝ፣ አሁን ነክቼ አልነካሁም ልበል?» ትለኛለች። «ንኪው! የልጅሽን ሠርግ ልታጪ ነው!» አልኳት። ማክሰኞ ማዳም እህቷ ጋ ስትሄድ፣ ቀን በዘጠኝ ሰዓት፣ እጇን ሁለቴ ታጥባ ተቀመጠች። እኔም በስልክ አብሬያት ነበርኩ። ፎቶውን እያየች፣ አንድ ፊደል ሳታነብ፣ ሥዕል በሥዕል ሄደች። ጥርስ ያለው ክብ። የኪቦርድ ሥዕል። ማብሪያዋ። ከዚያ ጨርቋን አንስታ ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ወለወለችው። ጸጥ። እንደገና። ጸጥ። ሦስተኛ ጊዜ በመዳፏ ሁሉ ደፈጠጠችው። ጸጥ! «እሙሽዬ አይዘፍንም!» ብላ በስልኩ የጮኸችውን ጩኸት ካወቅኳት ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም።

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱ ጸጥ አለ። ሶፍቱም ነጭ፣ ኪቦርዱም ነጭ። ማዳም ለስለስ አለች፣ «ከአርባው በኋላ እናያለን» እስከማለት ደረሰች። እናያለን! ቀፀላ በዚህች «እናያለን» ለልጇ ነጠላ ገዛች፣ ለእህቷ ጫማ፣ ቲኬቷን በራሷ ገንዘብ፣ በአሕመዲን በኩል አስቆረጠች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ገና አራት ወር አለው፤ የሚቀረው ያ መሳቢያ ብቻ ነው።

አርባው አራት ቀን ሲቀረው ኤሊ ደወለ። ድምፁ ማዳምን አልሰማ አላት። ድምፅ የምትጨምርበት ቁልፍ እዚያው ከላይኛው ረድፍ ነው ያለው፤ አሁን ተራ ቁልፍ ሆኗላ። ብትጫነው፣ ብትጫነው፣ ወይ ፍንክች። «ማማን፣ የኪቦርዱን ነገር ሰው ቀይሮታል» አላት ልጁ ከሞንትሪያል፤ እዚህ ክፈቺ፣ እዚያ ዝጊ እያለ እየመራ መልሶ እንደነበረው አደረገው። ማዳም ከወንበሩ ተነሳች። «ማን ነካው?»

እኔ ብሆን «እመቤቴ ማርያምን፣ አላውቅም» ብዬ እክድ ነበር። ቀፀላ ግን እውነት መናገር ያምራታል። «እኔ ነኝ ማዳም። እንዳይዘፍን ብዬ ነው። እንዳይዘፍን እኮ ነው!» አለቻት። የመጨረሻዋን ቃል ማዳም አልሰማቻትም፣ «እኔ ነኝ» የምትለው በቃቻት። «አየሽ! ውሸታም! መጀመሪያም አንቺ ነሽ፣ አሁንም አንቺ ነሽ! ፓስፖርት የለም። ኮንትራትሽ ሁለት ዓመት ይታደሳል፣ ከዚያ በኋላ የልጅሽን ልጅ ታያለሽ።» አለቻት። አሁንስ ቅስሟ ተሰበረ። ያን ዕለት መልእክት አልላከችልኝም፣ እኔ ነኝ ደውዬ በግድ ያወጣጣሁት። «ቲኬቱን መልስልኝ በይው አሕመዲንን» አለችኝ። እሺ አልኳት፣ አልነገርኩትም። ምን ቆርጦኝ!

ለአርባው ቀን ሰው ስለሚበዛ ማዳም ለአንድ ቀን ረዳት ፈለገች፣ ቀፀላም እኔን ጠቆመች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎኑ ጥቁር በጥቁር ሆነ፤ ሠላሳ የሚሆን ሰው። ቀፀላ ኩሽና ሰሃን ታጥባለች፣ እኔ ስኳር የሌለውን ቡና በትሪ አዞራለሁ። ማዳም ስታየኝ ስሜን እንኳ አልጠየቀችም። እህቷ፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ «ይቺ አዲሷ ደግሞ ዓረብኛ ትችላለች ወይስ እንደ ያቺኛዋ ናት?» አለች። ማዳም ጥቁሯን ለብሳ፣ አማቷ ፎቶ ሥር ቆማ፣ አላፈረችም፤ «መብራት ጠፊ ብላት ሻንጣዋን ይዛ...» ብላ ጀመረች። ሳቅ የማይገባበት ቀን ስለሆነ በአፍንጫቸው ሳቁ። ስኒውን እንዳልወረውርባቸው እግዜር ነው የያዘኝ።

እህትዬዋ ስትስቅ ስኒዋ ተንጋደደና ቡናው ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ። ማዳም «ኦ፣ ኤሊ ይገድለኛል» ብላ ሶፍት መዘዘች፣ ያንኑ ነጭ ሶፍት፣ ጎንበስ ብላም በፍጥነት ወልወል፣ ወልወል አደረገችው። ሠላሳ ሰው እያየ። በገዛ እጇ።

ስክሪኑ ደመቀ። ከበሮ። «ያላ ያላ!»

ሁሉም ያያታል፤ ሶፍቱ እጇ ላይ ነው፣ ሶፍቱ ኪቦርዱ ላይ ነው። ሚስተሩ የእናቱን ፎቶ ትቶ የሚስቱን እጅ ያያል። ትንሽ ኅሊና ያላት ሰው «አሃ፣ ለካ እንዲህ ነው» ትላለች አይደል? እሷ ግን ወደ ኩሽናው ዞራ በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች፤ «ጠፊ ያ ቀፀላ! ጠፊ!»

ቀፀላ እጇ አረፋ እንደሆነ ወጣች። በሩ ላይ ቆመች። ዘፈኑን ሰማች፣ ሶፍቱን አየች፣ ሰዉን አየች። አንዲት ቁልፍ ናት፣ አንዴ መድገም ነው፣ አሕመዲን ነግሯታል፤ ከሚስተሩ በቀር እዚያ ቤት ውስጥ ማጥፋቱን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፣ እሱ ደግሞ ንቅንቅ አላለም። ማዳም «ጠፊ!» ትላለች፣ እየቀጠለች። እጇን በሽርጧ ስታደርቅ አየኋት፣ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ሽርጧን ፈታችና ወንበር ላይ አጥፋ አኖረችው።

«ሃድር ማዳም» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው።

ሄደች ወደ ጠረጴዛው። ሁሉም ልታጠፋው ነው ብሎ መንገድ ለቀቀላት፣ እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ኪቦርዱን አልነካችውም። ጎንበስ ብላ ያንን ዘጠኝ ዓመት የወለወለችውን ቁልፍ አዞረች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ ፓስፖርቷን አወጣች። አቧራ ነበረበት። በእጅጌዋ ጠረገችው።

ማዳም ፓስፖርቱን ትንጠቅ ወይስ ዘፈኑን ታቁም ጨነቃት። ቁልፎቹን ትደበድባለች፤ አንዱን ነካችና ሌላ ዘፈን መጣ፣ የባሰ የሚያስጨፍር። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው፤ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ባትሪ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ዘፈኑን አጀበው። እህትዬዋ «ጠፊ! ጠፊ!» እያለች አብራ ትጮሃለች። እኔ ትሪዬን ከነስኒው መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኛል። እንደዚያ ቀን ሙዚቃ ጥሞኝ አያውቅም።

ቀፀላ ሻንጣዋን ይዛ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። ልክ እንደ ተረቱ፣ ልክ ማዳም ዘጠኝ ዓመት እንዳወራችው። የሳቀ ግን የለም። ማዳም አሁን ገባት፤ «ቶኒ! ያዛት፣ ያዛት ፖሊስ ጥራ!» አለች። ኢቃማው በሚስተሩ ስም ነው፤ ያዝ ካለ ትያዛለች፣ ቲኬትም ሠርግም አበቃ። ሚስተሩ የእናቱን ፎቶ አየ፣ ከዚያ ያቺን ሶፍት። «ሩሂ ያ ቀፀላ» አላት፣ ሂጂ ማለቱ ነው፤ «አላ ማዓኪ፣» እግዜር ካንቺ ጋር ይሁን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆይቶ ይቺን ተናገረ። አላመሰግነውም፣ ግን አልረሳትም።

በሩን ራሷ ከፈተችው፣ አሁን ታውቅበታለች። ወደ ማዳም ዞራ በዓረብኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ ያንን ከጉሮሮዋ የማይወጣ ድምፅዋን አውጥታ፣ «ጠፋሁልሽ» አለቻት።

ደረጃው ጋ ስንደርስ መብራት ሄዶ ሊፍቱ ቆሟል። አራቱንም ፎቅ በእግራችን ወረድን፣ እኔ ሻንጣውን ይዤ፣ እሷ ፓስፖርቱን ደረቷ ላይ ይዛ። እስከ ታችኛው በር ድረስ ከበሮው ይሰማል። መንገድ ላይ ስንደርስ ማዳም በረንዳ ላይ ወጥታ «ቀፀላ! ጠፊ!» ትላለች። ማጥፊያውን ንገሪኝ ማለቷ ይሁን ሌላ፣ እግዜር ይወቀው። ቀፀላ ቀና ብላ አላየችም፤ ያቺ የምትሸፍነው አፏ ክፍት ሆኖ፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። ሰርቪስ አስቆምኩ።

በሦስተኛው ቀን በረረች። የሠርጉን ቪዲዮ እመቤት ናት የላከችልኝ። ድንኳኑ ጢም ብሏል፣ ድምፅ ማጉያው ይነቀንቃል፣ አንዱ ሽማግሌ ጆሮውን ይዞ ቀንሱት ይላል። ቀፀላ ከመሀል ብድግ አለች፣ እጇን ወደ ላይ አውጥታ «ጨምሩት!» ትላለች። «ጨምሩት! ማን ሊያጠፋው ነው!» ዶራ፣ አራት ሆነን በምንተኛባት ክፍል፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደጋግሜ ሰማኋት። እኔን በሰው ፊት ጥፊ ብሎ ከነፓስፖርቴ የለቀቀኝ አልነበረም፤ ለዚህ ነው እስካሁን የጠፋሁት።